ክሮቼራው ተቀይሮ ሻፍቱ ካልተስተካከለ፦ የጣርማ በር መንገድ ያስተማረኝ

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ጭኖ የሚወርድ ሾፌር እግሩን ፍሬን ላይ ጥሎ አይወርድም፤ ማርሽ አሳንሶ፣ መኪናውን ሞተሩ እንዲይዘው አድርጎ፣ ፍሬኑን ለጥምዝ እየቆጠበ ነው የሚወርደው። የመኪና ዋሻው ያለበት የጣርማ በር ተራራ አናት ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በዚህ ሁሉ ቁልቁለት የሞተሩ ይዞታ ወደ ኋላ ጎማ የሚደርሰው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እሱም ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) እስከ ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለኋላ ጎማዎች እስከሚያካፍለው ክፍል) የተዘረጋው ፕሮፔለር ሻፍትና ሻፍቱን የሚያገጣጥሙት ክሮቼራዎች ናቸው። ክሮቼራ በመዳፍ የሚያዝ፣ አራት እግር ያለው የብረት መስቀል ሲሆን እያንዳንዱ እግር በመርፌ ኩሽኔታ፣ ማለትም እንደ መርፌ በቀጠኑ ተንከባላይ የብረት ዘንጎች፣ የተሞላ ቆብ ይለብሳል። ይህ ትንሽ ዕቃ ሲሰበር ማርሽ ማስገባት ከንቱ ይሆናል፤ ብዙዎቻችን በምንነዳቸው አነስተኛ የጭነት መኪኖች ላይ ደግሞ የእጅ ፍሬኑም አብሮት ይጠፋል። በእኔ ላይ የደረሰው ይኸው ስለሆነ፣ ሌላው ሾፌር በዚያ ዳገት ላይ እንዳይማረው በማለት ያየሁትንና ከዚያ በኋላ የተማርኩትን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

የምነዳው የራሴን አይሱዙ ነው። ከእነዋሪ ጤፍና ምስር፣ ከመንዝ ገብስና ባቄላ እየጫንኩ ደብረ ብርሃን አራግፋለሁ፤ ቆላ ስወርድ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ወይም ማሾ ይዤ እመለሳለሁ። መኪናው ባዶውን የሚሄድበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ መንገዱም ዳገትና ቁልቁለት፣ በክረምት ደግሞ የጅሩ መረሬ ጭቃ የማይለየው ነው። ችግሩ የጀመረው በድምፅ ነበር። ጠዋት የደብረ ብርሃን ብርድ ሳይለቅ መኪናውን ቀስ ብዬ ሳንቀሳቅስ ከወለሉ ሥር እንደ ጫጩት ጩኸት ያለ ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ ፍጥነት ስጨምር ጩኸቱ እየተፋጠነ ሄዶ በሞተሩ ድምፅ ይዋጣል። ከጊዜ በኋላ ከኋላ ማርሽ ወደ ፊት ማርሽ ቀይሬ ፍሪሲዮን (ክላች) ስለቅ ብረት ከብረት የሚጋጭበት ምት መጣ። በመጨረሻም በሰዓት ከ50 እስከ 60 ኪሎ ሜትር ስደርስ ወለሉና ወንበሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

እነዚህ ሦስት ምልክቶች በዚህ ቅደም ተከተል የመጡት በአጋጣሚ አልነበረም። ቀጭኑ ጩኸት በቆቡ ውስጥ ያለው ግራሶ አልቆ መርፌዎቹ ደረቅ ብረት ላይ መንከባለል መጀመራቸውን ይናገራል። ምቱ ደግሞ መርፌዎቹ የክሮቼራውን እግር በልተው ክፍተት መፍጠራቸውን ይገልጣል፤ ጉልበቱ አቅጣጫ በለወጠ ቁጥር መስቀሉ በዚያ ክፍተት ውስጥ ተወርውሮ ይጋጫል። መንቀጥቀጡ የሚመጣው ክፍተቱ በጣም ሰፍቶ ሻፍቱ መሃሉን ስቶ መሽከርከር ሲጀምር ነው። ጩኸቱን በሰማችሁበት ሰሞን መኪናውን ብታስፈትሹ አንድ ክሮቼራ በመቀየር ትገላገላላችሁ፤ መንቀጥቀጡ እስኪመጣ ከጠበቃችሁ ግን ሻፍቱን መሃል ላይ የሚደግፈው ተሸካሚ ኩሽኔታ፣ የካምቢዮው መውጫ ኩሽኔታና የዘይት መያዣ ጎማው ሁሉ አብረው ይጎዳሉ።

መንቀጥቀጥ ሲመጣ በእኛ አካባቢ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጎማ ነው፤ የእኔም መኪና መጀመሪያ የተወሰደው ጎማ ቤት ነበር። የጎማንና የሻፍትን መንቀጥቀጥ የመለያው ዘዴ ከባድ አይደለም። የፊት ጎማ ጥፋት ከሆነ መንቀጥቀጡ በመሪው በኩል እጃችሁ ላይ ይሰማል፤ ከሻፍት የሚመጣው ግን በወለሉና በወንበሩ በኩል ወደ ሰውነታችሁ ይመጣል፤ ሻፍቱ ከጎማው ብዙ እጥፍ ፈጥኖ ስለሚዞርም ንዝረቱ ደቃቅና ፈጣን ነው። ሰፊና ሜዳ የሆነ ባዶ መንገድ ላይ ከሆናችሁ መንቀጥቀጡ በሚመጣበት ፍጥነት ማርሹን አውጥታችሁ መኪናው በራሱ ሲንሸራተት አዳምጡ። መንቀጥቀጡ ካልጠፋ የሞተር ጉዳይ አይደለም ማለት ነው፤ የሚቀረው ሻፍቱና ጎማው ነው። ይህን ሙከራ በቁልቁለት ላይ ፈጽሞ አታድርጉት።

ከዚህም የሚበልጠው መኪናው ቆሞ በእጅ የሚደረገው ፍተሻ ነው። በሜዳ ላይ በአራቱም ጎማዎች ፊትና ኋላ ሽብልቅ አግቡ፤ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፣ የእጅ ፍሬኑም ይለቀቅ። ከሥር ገብታችሁ በአንድ እጅ ሻፍቱን፣ በሌላው እጅ ከክሮቼራው ወዲያ ያለውን ሹካ (ክሮቼራው የሚገባበትን ባለ ሁለት ጆሮ ብረት) ይዛችሁ በተቃራኒ አቅጣጫ ጠምዝዙ፤ ቀጥሎ ወደ ላይና ወደ ታች ግፉ። ደህና ክሮቼራ ሁለቱን እንደ አንድ ብረት ይዟቸው ይዞራል። በሁለቱ መካከል በጣት የሚሰማ ትንሽ መላወስ ካለ፣ ወይም በቆቡ ዙሪያ የዝገት ቀለም ያለው ቀይ ዱቄት ካያችሁ ጊዜው አልፏል። ቀዩ ዱቄት ግራሶ አልቆ ብረቱ ራሱን እየፈጨ መሆኑን የሚያሳይ ነው።

የእኔ መኪና በአንድ ጋራዥ ክሮቼራው ተቀየረለት። ሥራው የተሠራው በመዶሻ ነበር፤ ሻፍቱ መሬት ላይ ተጋድሞ ቆቦቹ እየተመቱ ወጡ፣ አዲሶቹም እየተመቱ ገቡ። አንደኛው ቆብ እስከ መጨረሻው አልገባ ሲል በኃይል ተመትቶ ቆቡ እንዳይወጣ የሚይዘው ቀለበት በግድ እንዲቀመጥ ተደረገ። ሻፍቱ ሲፈታም በምንም ነገር ምልክት አልተደረገበትም። ወጥቼ ስነዳው ምቱ ጠፍቷል፤ መንቀጥቀጡ ግን ከቀድሞው ብሶ መጣ። የተሰጠኝ መልስ “አዲስ ዕቃ ስለሆነ እስኪላመድ ነው” የሚል ነበር። ወንድሞቼ፣ ክሮቼራ የሚላመድ ዕቃ አይደለም። በትክክል ከተገጠመ ከመጀመሪያው ሜትር ጀምሮ ጸጥ ብሎ ይሠራል፤ ካልሆነ ግን የተበላሸ ነገር አለ ማለት ነውና ጭነት ሳይጫን መኪናው ተመልሶ ሊታይ ይገባል።

ያ ክሮቼራ ብዙ አልቆየም። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኜ ደብረ ሲናን አልፌ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ስወጣ ከሥር ከባድ ምት ተሰማ፤ ሞተሩ ጭነቱ ከላዩ እንደተነሳለት ሁሉ በድንገት ጮኸ፣ መኪናው ወደ ፊት መሄዱን አቆመ። የእግር ፍሬኑን ረገጥኩ፣ የእጅ ፍሬኑንም ሳብኩ። እግሬን ትንሽ ላላ ሳደርግ መኪናው ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ፤ የእጅ ፍሬኑ እስከ ጫፉ ተስቦ ሳለ ምንም አልያዘም። ረዳቴ ዘሎ ወርዶ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አንስቶ ከኋላ ጎማው ሥር አስገባ፤ ሁለተኛ ድንጋይ እስኪጨምር ድረስ እግሬ ከፍሬኑ አልተነሳም። ከኋላችን የመጡ ሾፌሮችም ቆመው በድንጋይ አገዙን። ወርጄ ሳይ የሻፍቱ የኋላ ጫፍ ከዲፈረንሻሉ ተላቆ አስፋልቱ ላይ ወድቋል፤ የተሰበረው ክሮቼራ አንዱ እግር አሁንም ከሹካው ላይ ተንጠልጥሏል።

የእጅ ፍሬኑ ለምን እንዳልያዘ የገባኝ በኋላ ነው፤ ሁሉም የጭነት መኪና ሾፌር አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ስለሆነ ጊዜ ወስጄ እገልጸዋለሁ። በእንደነዚህ ያሉ መኪኖች ላይ የእጅ ፍሬኑ በቀጥታ የኋላ ጎማን አይዝም፤ የሚይዘው ከካምቢዮው መውጫ ላይ የታሰረውን ታምቡር (ክብ የፍሬን ከበሮ) ነው። ታምቡሩ ሲያዝ ሻፍቱ ይያዛል፤ ሻፍቱ ሲያዝ ጎማው ይያዛል። ስለዚህ በመካከል ያለው ሻፍት ከተበጠሰ ማርሽም፣ የሞተር ፍሬንም፣ የእጅ ፍሬንም በአንድ ቅጽበት ከጎማው ይለያያሉ፤ የሚቀረው የእግር ፍሬን ብቻ ነው። ይህ ሲደርስባችሁ ሞተሩን አታጥፉ፤ የፍሬኑ ማገዣ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሚሠራ ሞተር ነውና። ፍሬኑን አንዴ ረግጣችሁ ያዙ፣ ደጋግማችሁ አትርገጡ። ረዳታችሁም ከሾፌሩ ትእዛዝ ሳይጠብቅ ጎማ ሥር ሽብልቅ ማስገባት እንዳለበት አስቀድሞ ይወቅ። በእኛ በኩል የተሰበረው የኋለኛው ጫፍ ስለነበር ሻፍቱ እየተጎተተ ሊመጣ ይችል ነበር፤ የፊተኛው ጫፍ ቢሆን ኖሮና መኪናው ወደ ፊት ቢሄድ ሻፍቱ መንገዱን ወግቶ መኪናውን ሊያነሣው፣ የፍሬን ቱቦውንም ሊበጥሰው ይችላል።

መኪናው ተጎትቶ ደብረ ብርሃን ደረሰ። በዚያ ሰዎች ወደ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ መሩኝ። እሳቸው ሻፍቱን ከማየታቸው በፊት የተሰበረውን ክሮቼራ ጠየቁኝ፤ እኔም ከረጢት ውስጥ አድርጌ ይዤው ነበር። የተሰበረ ዕቃን መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ አይገባም፤ ምክንያቱ ያለው እዚያው ላይ ነው። እግሮቹን በጨርቅ ጠርገው ወደ ብርሃን አዙረው አሳዩኝ። በሁለቱ ተቃራኒ እግሮች ላይ የመርፌዎቹ ልክ ያላቸው ቀጫጭን ትይዩ ጎድጓዶች ተቀርጸዋል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ግን ገና አብለጭላጭ ነበሩ። ከአንደኛው ቆብ ግርጌ ደግሞ ተጋድሞ የተጨፈለቀ መርፌ በካቻቢቴ ፈልቅቀው አወጡ።

“ጋሼ፣ ዕቃው ተመሳስሎ የተሠራ ይሆን?” አልኳቸው።

“የለም ልጄ፣ ዕቃው ደህና ነው። መርፌው ሲገጠም ወድቋል። እሱ ባይወድቅም ግን ይህ ክሮቼራ አይቆይም ነበር። ሻፍትህ ተጣሟል፤ መጀመሪያ እሱን ሳናይ ሌላ ዕቃ እንዳትገዛ” አሉኝ።

ይህ አባባላቸው ስለ ሻፍት የማስብበትን መንገድ ለወጠው። ክሮቼራ በሁለት ብረቶች መካከል ዘንበል ብሎ ሲሠራ የሚሰጠው ዙር እኩል አይደለም። የሚያዞረው ብረት በአንድ ዓይነት ፍጥነት ቢዞርም ተቀባዩ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜም ይዘገያል፤ ይህን እንግሊዛዊው ሊቅ ሮበርት ሁክ በ17ኛው መቶ ዘመን አጥንቶታል። ዝንባሌው 3 ዲግሪ ሲሆን ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ 10 ዲግሪ ሲሆን ፍጥነቱ በ1.5 በመቶ ገደማ ከፍና ዝቅ ይላል፤ 20 ዲግሪ ላይ ግን ወደ 6 በመቶ ይደርሳል። ይህ መፍጠንና መዘግየት ተጠራቅሞ ዲፈረንሻሉን እንዳይመታው የሚያደርገው በሻፍቱ ሌላ ጫፍ ያለው ክሮቼራ ነው፤ የመጀመሪያው ያፈጠነውን ሁለተኛው ያዘገየዋል። ለዚህም ሁለት ነገሮች መሟላት አለባቸው። አንደኛ፣ በአንዱ ሻፍት ሁለት ጫፎች ላይ ያሉት ሹካዎች በአንድ መስመር መተያየት አለባቸው። ሁለተኛ፣ የሁለቱ ክሮቼራዎች የዝንባሌ መጠን እኩል ወይም በጣም የተቀራረበ መሆን አለበት።

የእኔ መኪና በሁለቱም በኩል ጎድሎት ተገኘ። ሻፍቱ የሚረዝምበትና የሚያጥርበት ጥርሳማ መግቢያ አለው፤ በቀድሞው ጋራዥ ሲፈታ ምልክት ስላልተደረገበት ሲመለስ ጥርስ ስቶ ገብቷል። ሹካዎቹን ከጎን ሆናችሁ ብታዩአቸው አንዱ ከሌላው ዞር ብሎ በግልጽ ይታይ ነበር። በመሆኑም አንዱ ክሮቼራ የሌላውን ጥፋት በማስተካከል ፈንታ ያባብሰው ነበር። ስለዚህ ሻፍት ከመፈታቱ በፊት በጥርሳማው መግቢያ ሁለት ጎንና በእያንዳንዱ የብሎን ማሰሪያ ፊት ላይ በቀለም ወይም በመርፌ ብረት ምልክት አድርጉ፤ መካኒኩ ባያደርገው እናንተ አድርጉት። አንዳንድ መኪኖች ላይ፣ በተለይም በአንዳንድ ባለ አራት ጎማ ነጂ መኪኖች የፊት ሻፍት ላይ፣ ሹካዎቹ ሆን ተብለው ዞር ተደርገው ይሠራሉ፤ ፋብሪካው የሠራውን ምልክት አድርጎ እንዳለ መመለስ ከሁሉ የሚሻለው ለዚህም ጭምር ነው።

አሁን ወደ አገጣጠሙ ልለፍ፤ ብዙ ክሮቼራ የሚሞተው እዚህ ላይ ነውና። ሻፍቱ ሲፈታ አንዱ ጫፉ በአየር ላይ እንዲንጠለጠል አይተው፤ በገመድ ይደገፍ። ቆቦቹን የሚይዙት ቀለበቶች በፒንሳ ይወጣሉ፤ ዝገት ከያዛቸው ዘይት ጠብ አድርጎ መታገስ ያስፈልጋል። ሽማግሌው መካኒክ መዶሻ አላነሱም። ሹካውን በሞርሳ (በብረት መጭመቂያ) መካከል አድርገው በአንድ ወገን ከቆቡ ያነሰ ቡሶላ (የብሎን መፍቻ ራስ)፣ በሌላው ወገን ቆቡን ሊውጥ የሚችል ትልቅ ቡሶላ አስቀምጠው ሞርሳውን ቀስ እያሉ አጠበቁት፤ ትንሹ ሲገፋ ቆቡ በሌላው በኩል ወደ ትልቁ ገባ። መዶሻ የሹካውን ጆሮ ያጣምማል፤ ጆሮው በዓይን በማይታይ መጠን እንኳ ከተጣመመ አዲሱ ክሮቼራ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታንቆ ይሠራል። ሻፍቱን ራሱን በሞርሳ መጭመቅም ስህተት ነው፤ ቱቦው ስስ ስለሆነ ይሰረጉዳል፣ ሚዛኑንም ያጣል።

አዲሱ ከመግባቱ በፊት የሹካው ቀዳዳና የቀለበቱ መቀመጫ ቦይ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ተጠርጎ በጨርቅ መጽዳት አለበት፤ በቦዩ ውስጥ የቀረች ትንሽ ዝገት ቀለበቱን ታስነሳዋለች። ከዚያ የእያንዳንዱን ቆብ መርፌዎች በግራሶ አጣብቃችሁ ሁሉም ቀጥ ብለው መቆማቸውን በዓይናችሁ እዩ። መስቀሉን በሹካው ውስጥ አግቡና አንዱን ቆብ ስትገፉ የመስቀሉን እግር ወደዚያው ቆብ አስጠግታችሁ ያዙ፤ እግሩ በመርፌዎቹ መካከል ከገባ መርፌ አይወድቅም። ቆቡ እየገባ ሄዶ የቀለበቱ ቦይ ሳይታይ ከቆመ አትግፉት፤ አንድ መርፌ ግርጌው ላይ ተጋድሟል ማለት ነው። አውጥታችሁ መርፌውን አቁማችሁ እንደገና ጀምሩ። የእኔን ክሮቼራ የገደለው እዚህ ላይ የተነሳው መዶሻ ነው።

ቀለበቶቹ ከገቡ በኋላ የሹካውን ጆሮ በቀላል መዶሻ ከውጭ ቀስ ብሎ አንዴ ሁለቴ መንካት ቆቡ ወደ ቀለበቱ ተጠግቶ እንዲቀመጥ ያደርገዋል፤ መዶሻ የሚፈቀደው ለዚህ ብቻ ነው። ክሮቼራው በእጅ ሲንቀሳቀስ በሁሉም አቅጣጫ ሳይዝ መታጠፍ አለበት፣ ግን ምንም መላወስ ሊኖረው አይገባም። የግራሶ መጠጫው ጫፍ ሻፍቱ ከታሰረ በኋላ የግራሶ ፓምፕ በሚደርስበት አቅጣጫ መሆኑን ከመግጠማችሁ በፊት አረጋግጡ፤ በሌላ አቅጣጫ ገብቶ ከተገኘ ሁሉም ነገር እንደገና ይፈታል፤ ብዙ ሰውም መልሶ ከመፍታት ይልቅ ክሮቼራው ሳይጠጣ እንዲሞት ይተወዋል። ስታጠጡም ግራሶው ከአራቱም ቆቦች ጠርዝ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ቀጥሉ። ከሦስቱ ወጥቶ ከአንዱ ካልወጣ ያ እግር ደረቅ ነው፤ ሻፍቱን እያዞራችሁና እየነቀነቃችሁ እስኪወጣለት ሞክሩ።

የዝንባሌው ልኬት ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረኝ ክፍል ነው። ውድ መሣሪያ አላስፈለገም፤ የተማሪ ፕሮትራክተር ላይ ክር ከትንሽ ብሎን ጋር እንደ ቱንቢ ታስሮ ከብረቱ ጎን ተደገፈ፣ ክሩ ያረፈበት ዲግሪም ተጻፈ። ዛሬ የስልክ ዝንባሌ መለኪያም ይሠራል፤ ሁለቱን ማመሳከር ደግሞ መልካም ነው። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ መለካት የለበትም፤ የኋላ አክሰሉ ሲንጠለጠል ዝንባሌው ይለወጣል። ሜዳ ላይ በራሱ ጎማዎች ቆሞ፣ የጎማው ንፋስ እኩል ሆኖ፣ ቢቻል የተለመደው ጭነቱ ላዩ ሳለ ይለካል። መኪናዬ ሁለት ክፍል ሻፍት፣ በመሃል ተሸካሚ ኩሽኔታና ሦስት ክሮቼራዎች አሉት። የካምቢዮው መውጫ 3 ዲግሪ፣ የፊተኛው ሻፍት 4.5፣ የኋለኛው ሻፍት 7.5፣ የዲፈረንሻሉ መግቢያ ደግሞ 1 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ፤ ሁሉም ፊታቸው ከፍ፣ ኋላቸው ዝቅ ያለ ነው። የእያንዳንዱ ክሮቼራ ዝንባሌ የጎረቤቶቹ ልዩነት ስለሆነ የመሃለኛው 3 ዲግሪ፣ የኋለኛው 6.5 ዲግሪ ይሠራ ነበር ማለት ነው። በመካከላቸው የ3.5 ዲግሪ ልዩነት አለ፤ ለጭነት መኪና ጥሩ የሚባለው ግን እያንዳንዱ ከ3 ዲግሪ ያልበለጠ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም ከ1 ዲግሪ ያነሰ ሲሆን ነው። የተሰበረው የኋለኛው መሆኑ እንግዲህ የሚያስደንቅ አልነበረም።

ምክንያቱን ስንከተል ሁለት ነገር አገኘን። የመጀመሪያው ባሌስትራው፣ ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ቅጠል፣ ነው። ብዙ ጭነት ለማንሣት ተብሎ ተጨማሪ ቅጠል ገብቶበት ስለነበር የመኪናው ኋላ ከፍ ብሎ ሻፍቱን ይበልጥ ቁልቁል አድርጎታል። በሰሜን ሸዋ መንገዶች ላይ የሚሠሩ ብዙ መኪኖች ቅጠል ይጨመርባቸዋል፤ ቅጠሉን የሚጨምረው ሰው ግን የሻፍቱን ዝንባሌ አይለካም። ሁለተኛው የመሃል ተሸካሚ ኩሽኔታውን የከበበው ላስቲክ ነበር፤ ላስቲኩ ተቀድዶ ኩሽኔታው በውስጡ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሏል። መብራት ይዛችሁ ብታዩት ሻፍቱ ከቀለበቱ መሃል ይልቅ ወደ ታችኛው ጠርዝ ተጠግቶ ይታያል፤ በእጅ ወደ ላይ ሲገፋም እንደ ልብ ይንቀሳቀሳል።

ተጨማሪው ቅጠል ወጣ፣ ተሸካሚውም ተቀየረ። እንደገና ሲለካ የፊተኛው ሻፍት 3.5፣ የኋለኛው 6 ዲግሪ ሆነ። የመሃለኛው ክሮቼራ ወደ 2.5 ወርዷል፤ ዲፈረንሻሉ ግን አሁንም 1 ዲግሪ ላይ ስለሆነ የኋለኛው ክሮቼራ 5 ላይ ቀረ። ለዚህ በባሌስትራውና በአክሰሉ መቀመጫ መካከል ባለ 2 ዲግሪ የብረት ሽብልቅ በቶርኖ (በብረት መቅረጫ ማሽን) አሠርተን ወፍራም ጎኑን ወደ ኋላ አድርገን አስገባን፤ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ቀና ብሎ 3 ዲግሪ ሆነ፣ የኋለኛው ክሮቼራም 3 ላይ አረፈ። ልዩነቱ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ሆነ። ሽብልቁ በሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ የባሌስትራው መሃል ብሎን ራስ በመቀመጫው ቀዳዳ ውስጥ በደንብ መግባቱም መታየት አለበት፤ ካልገባ አክሰሉ በጭነት ጊዜ ይንሸራተታል። ዝንባሌውን ጨርሶ ዜሮ ለማድረግ የሚሞክር ካለ ደግሞ ይተወው፤ ክሮቼራው ቢያንስ ግማሽ ወይም 1 ዲግሪ ዘንበል ካላለ መርፌዎቹ ሳይንከባለሉ በአንድ ቦታ እየደቁ እግሩን ይወቅሩታል።

ከዚያ በኋላ ባዶውን እስከ ጫጫ ነዳሁት፤ በ60 ወለሉ ጸጥ አለ፣ በ70ም አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ ጭኜ ጣርማ በርን ወረድኩ፤ ፍሪሲዮን ስለቅ የሚመጣው ምትም አልነበረም። የማሰሪያዎቹን ብሎኖች 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄድኩ በኋላ እንደገና አጠበቅኳቸው፤ ጭነት ያየ ብሎን ትንሽ ይላላል፣ የላላ የሻፍት ብሎን ደግሞ ተቆርጦ ሻፍቱን ይጥለዋል። ብሎኖቹን በማንኛውም ሱቅ በተገኘ ተራ ብሎን መተካት አይገባም፤ የሚሸከሙት የሞተሩን ጉልበት በአንደኛ ማርሽ ብዙ እጥፍ ሆኖ ነው።

አሁን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ክሮቼራዎቹንና ጥርሳማውን መግቢያ ግራሶ አጠጣለሁ፤ ውሃ ወይም ጥልቅ ጭቃ ካለፍኩ ደግሞ ኪሎ ሜትሩ እስኪሞላ አልጠብቅም፣ በዚያው ሳምንት አጠጣለሁ። የጅሩን መንገድ በክረምት የምትሠሩ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ፦ መረሬው ሻፍቱ ላይ ተለጥፎ በአንድ ጎን ሲደርቅ ሚዛኑን ያዛባና ጤነኛውን ሻፍት እንኳ ያንቀጠቅጠዋል። ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት ከሥር ገብታችሁ ቱቦውን እጠቡ፤ ስትቧጭሩ ግን በቱቦው ላይ የተበየዱትን ትንንሽ የብረት ቁራጮች እንዳትነቅሉ፤ እነሱ ፋብሪካው ያስቀመጣቸው የሚዛን ማስተካከያዎች ናቸው።

ዕቃ ስትገዙ የመኪናውን ስም ብቻ ነግራችሁ አትግዙ፤ አሮጌውን ክሮቼራ ይዛችሁ ሂዱና የቆቡን ስፋትና ከቆብ እስከ ቆብ ያለውን ርዝመት በካሊብሮ አስለኩ፤ ለአንድ ዓይነት መኪና የሚሸጡ ክሮቼራዎች በመጠን ሊለያዩ ይችላሉ። አንዱ ሲያልቅ ሌሎቹንም በእጅ ፈትሹ፤ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ግራሶ የሠሩ ናቸውና ብዙ ጊዜ አይራራቁም። ሻፍት በሚፈታበት ጊዜ ሁሉ ደግሞ፣ ሜዳ በሚመስል ቦታ እንኳ፣ የመጀመሪያው ብሎን ከመላላቱ በፊት አራቱም ጎማዎች በሽብልቅ ይያዙ። የመጨረሻው ብሎን ሲወጣ መኪናውን የሚይዘው ማርሽም የእጅ ፍሬንም አይኖርም፤ መካኒኩም በዚያ ሰዓት ከመኪናው ሥር ነው። እኔ ከእንጨት የተሠሩ ሁለት ትላልቅ ሽብልቆች ረዳቱ ካለበት በር አጠገብ በገመድ አስሬ እይዛለሁ፤ አዲስ ረዳት ሲመጣም ከምንም ሥራ በፊት የት እንዳሉና እንዴት እንደሚገቡ አሳየዋለሁ።